አባቴ አድባራቱን ያሳዩበት ዓመት

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ከልደታ ማርያም በታች፣ ወደ ሰንጋ ተራ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ሁለት ክፍል የሣር ክዳን ቤት ነበረን። በአንደኛው እንኖራለን፤ ሁለተኛው የሸራ፣ የሙጫና የቀለም ነበር። እናቴ የሞተችው የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ስለዚህ ያደግሁት ከአባቴና ሁለት ዓመት ከሚበልጠኝ ወንድሜ ጋር ነው።

አባቴ ሥራ ላይ ሲሆኑ ዝም ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም አብሬያቸው ስሄድ ግን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። ጸሎታቸውን ካደረሱ በኋላ ግድግዳውን ቀና ብለው እያዩ፣ «ይህ የጎንደሬው እጅ ነው። ይህን ደግሞ ቸኩሎ ነው የሠራው፤ የፈረሱን እግር ተመልከቺው» ይሉኛል። በከተማውና በእንጦጦ ካሉት አድባራት የትኛውን ግድግዳ ማን እንደ ሣለው፣ ቀለሙ ከየት እንደ መጣ፣ የቱ ቦታ በዝናብ ተበላሽቶ እንደ ታደሰ ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል።

ወንድሜ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ፈረንሳይኛ ያውቃል፤ ጫማውን ሳይወለውል ከቤት አይወጣም። አባቴን መተረብ ይወድ ነበር። «አባባ፣ የእርስዎ ሰይጣኖች ከመላእክቱ ይልቅ የተደሰቱ ይመስላሉ» ሲላቸው እንዳልሰሙ ሆነው ብሩሻቸውን ያጥባሉ። ትከሻቸው ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

ጣሊያን በገባ በዓመቱ፣ በየካቲት፣ ከተማው ሦስት ቀን ነደደ። ስለዚያ ብዙ ሰው ተናግሯል፤ እኔ የማወራው የእኛን ግቢ ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ቤት ተያያዘ። ወንድሜ እሳቱ ወደ እኛ እንዳይዘል ጣራው ላይ ወጥቶ እኔ የማቀብለውን ውሃ ሲረጭ፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ሰዎች ገቡና ጎትተው አወረዱት። አባቴ ሙጫ በነካው እጃቸው የአንዱን ክንድ ያዙ። ሰውየው በሰደፍ ጉልበታቸውን መታቸውና ወደቁ። ወንድሜ ከበሩ ሲያወጡት ዞር ብሎ፣ «አባባን አንሺያቸው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም።

እሳቱ ሲበርድ ፍለጋ ወጣን። አባቴ በምርኩዝ፣ እኔ ክንዳቸውን ይዤ፣ ከተክለ ሃይማኖት ጀምረን ሬሳ በሚሰበሰብበት ቅጥር ግቢ ሁሉ ዞርን። ፊት ላይ የተጣለውን ነጠላ እየገለጥሁ የማየው እኔ ነበርሁ። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው፣ «እሱ ነው?» ይላሉ። «አይደለም» እላለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። በሦስተኛው ሳምንት ከእስር የተለቀቀ አንድ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ወንድሜን ከሌሎች ጋር ካሚዮን ላይ ሲጭኑት በዓይኑ እንዳየ ነገረን። ጫማ የነበረው በአንድ እግሩ ብቻ ነው አለን። ወዴት እንደ ወሰዱት አያውቅም። አባቴ ያን ዕለት ደጋግመው፣ «በሕይወት አለ፤ ሰምተሻል አይደል?» ይሉኝ ነበር። ሰምቻለሁ እላቸዋለሁ፤ ትንሽ ቆይተው እንደገና ይጠይቁኛል።

በፍልሰታ ጾም ላይ አንድ ጣሊያን አስተርጓሚ ይዞ መጣ። ወታደር አይደለም። ቀጠን ያለ፣ መነጽር ያደረገ፣ የዝናብ ካፖርቱ ጭቃ የጠጣ ሰው ነው። አስተርጓሚው ከአሥመራ የመጣ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚናገር ጎልማሳ ነበር። ሰውየው አዲስ አበባን ለሚጎበኙ ያገሩ ሰዎች መጽሐፍ እያዘጋጀ ነው አለን። መታየት የሚገባቸውን አብያተ ክርስቲያናት፣ ማን እንዳሠራቸው፣ በውስጣቸው ምን ሥዕል እንዳለ ይጽፋል። በየደብሩ እየዞረ ሲጠይቅ ካህናቱ «ይህን የሚያውቅ የልደታው ሠዓሊ ነው» ብለውታል።

«አልችልም በልልኝ» አሉ አባቴ። «ጉልበቴን ታምሜያለሁ።»

አስተርጓሚው ነግሮት ተመለሰ። «መኪና አለው፤ በእግርዎ አይሄዱም።»

«መኪና ቢኖረውም አልችልም።»

ጣሊያኑ አልተቆጣም። ከሦስት ቀን በኋላ እመለሳለሁ ብሎ ባርኔጣውን አነሣና ወጣ።

እዚህ ላይ የራሴን ሥራ መናገር አለብኝ። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ልጅ ነበርሁ ብዬ ማምለጥ አልችልም። ሰውየው ከግቢያችን እንደ ወጣ አባቴ ፊት ቆምሁ።

«አባባ፣ እሺ ይበሉት» አልኋቸው።

«ምኑን?»

«አብረውት ይሂዱ። በምትኩ ስለ ወንድሜ ይጠይቅልን። ከሹሞቻቸው ጋር የሚውል ሰው ነው፤ የእስረኞቹን ስም ማስፈለግ አያቅተውም። እኛ ሌላ ማንን እናውቃለን?»

«ለጣሊያን መንገድ መሪ ልሁን?»

«አርበኛ የተሸሸገበትን አያሳዩት። ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያሳዩት። ማንም ገብቶ የሚያየውን ግድግዳ።»

ጉልበታቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። «ሰዉስ ምን ይለናል?»

«ሰዉ ወንድሜን አያመጣልኝም» አልሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ኃይለ ቃል ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሲመለስ አባቴ እሺ አሉ፤ ስለ ልጃቸውም ነገሩት። የወንድሜን ስም፣ ዕድሜውንና የተያዘበትን ቀን ጠይቆ በትንሽ ደብተር ላይ ጻፈ። ደግሞም የስሙ አጻጻፍ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ አስደገመን። «እጠይቃለሁ ብሏል» አለ አስተርጓሚው። አባቴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡት። እኔ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም እንደ ጠባ ጀመርን። አባቴ ያለ ደጋፊ መውረድና መውጣት ስለማይችሉ እኔም አብሬ ሄድሁ። መኪና ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ ባሕር ዛፎቹ ወደ ኋላችን ሲሮጡ አዞረኝና ዓይኔን ጨፍኜ ደረስሁ።

እንጦጦ ማርያም ስንገባ ጣሊያኑ ማንም ሳይነግረው ጫማውን አወለቀ። ይህን ልክደው አልችልም። ሜትር አውጥቶ የበሮቹን ስፋት ለካ፤ መስኮቶቹን ቆጠረ። ከዚያ አባቴን ከመቅደሱ ግድግዳ ፊት በርጩማ ላይ አስቀምጦ መጠየቅ ጀመረ። አባቴ መጀመሪያ ላይ በአንድ በአንድ ቃል ነበር የሚመልሱለት። ጥቂት ቆይተው ግን ተነሡ። በምርኩዛቸው እያመለከቱ፣ ጻድቅ የሆነ ሰው ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ተደርጎ እንደሚሣል፣ ክፉ ሰው ደግሞ በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ እንደሚታይ አስረዱት። ሰማያዊው ቀለም ለምን እንደሚወደድ፣ ሸራው ግድግዳው ላይ ሳይለጠፍ በፊት እንዴት እንደሚዘጋጅ ነገሩት። አስተርጓሚው ሊከተላቸው አልቻለም። «ቀስ ይበሉ አባቴ፣ ቀስ ይበሉ» ይላል። አባቴ ሳቁ። ከየካቲት ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ በሴቶች በር አጠገብ ቆሜ፣ ደግ አደረግሁ ብዬ አሰብሁ።

ከዚያ ወደ ራጉኤል ሄድን። ስንመለስ ከተማው ሁሉ ከሚታይበት ገደል አፍ ላይ አባቴ ሾፌሩን አስቆሙት። ከመኪናው ሳይወርዱ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው፣ በየአድባራቱ ዙሪያ ጥቁር ሆኖ በሚታየው የጽድ ዛፍ እየለዩ፣ «ያቺ በዓታ ናት። ያ ጊዮርጊስ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ተክለ ሃይማኖት። ወዲያ የእኛዋ ልደታ» አሉ። ጣሊያኑ በደብተሩ ላይ ካርታ ሣለ። አባቴ የልደታን ቦታ ስለ ሳተ እርሳሱን ተቀብለው አረሙለት።

ጊዮርጊስ የሄድን ቀን ግን እንዲህ አልነበረም። በየካቲት እሳት ነክቶት ነበርና ግድግዳው ላይ ጥላሸቱ ገና አልለቀቀም። አባቴ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አኖሩ። ሲያነሡት ጥቁር ሆኗል። ጣሊያኑ በዝግታ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አሉ አባቴ።

አስተርጓሚው መሬት መሬቱን እያየ፣ «ይህን በመጽሐፉ ውስጥ አላገባውም ነው የሚለው» አለ።

«ታዲያ ምን ብሎ ይጽፋል?»

«ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ከድንጋይ የተሠራ።»

አባቴ እጃቸውን ሳይጠርጉ መኪናው ውስጥ ገቡ። ከቤታችን በር ላይ ሲወርዱ ግን እንደ ሌላው ቀን ጠየቁ። «ልጄስ? መልስ አልመጣም?»

«አልመጣም» አለ አስተርጓሚው፤ ጣሊያኑን ሳይጠይቀው። «ጽፏል። መንገዱ ሩቅ ነው።»

ጥቅምት ገብቶ ሲወጣ የጎረቤቶቻችን ሰላምታ አጠረ። በመጀመሪያ የእግዜር ሰላምታውን አልነፈጉንም፤ ኋላ እሱም ቀረ። ቤቷ የተቃጠለባት ጎረቤታችን በዚያው በየካቲት ባሏንም ገድለውባት ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ጸጉሬን ትሠራኝ የነበረች፣ ሲያመኝ ደረቷ ላይ አስተኝታ ያሳደረችኝ ሴት ናት። በኅዳር ልደታ ቀን፣ በቅዳሴው ሰዓት፣ እንደ ልማዴ አጠገቧ ልቆም ስጠጋ ነጠላዋን ሰብስባ ፈቀቅ አለች።

«እማማ» አልኋት።

«መኪናሽ ደጅ ቆሞ ይሆናል» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጌቶችሽን አታስጠብቂያቸው።»

ይህን ለአባቴ አልነገርኋቸውም። እሳቸውም በወንዶች በኩል የደረሰባቸውን አልነገሩኝም። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም መግባት መተዋቸውን ግን አይቻለሁ። ቀጥ ብለው ወደ ቤት ይመጡና በሥዕል ክፍላቸው ውስጥ ይቀመጣሉ። ሸራ ወጥረው እንኳ አይሠሩም ነበር።

በኅዳር ጽዮን ሰሞን የሄድንባትን ቤተ ክርስቲያን ስሟን አልጽፈውም። ምእመናኗ ዛሬም አሉ። ከከተማው ወደ ምዕራብ ወጣ ብላ፣ በጽድ የተከበበች፣ ትንሽ ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ጣሊያኑ ስለ እርስዋ የሰማው ከአባቴ ነው። ሥዕል ስላስተማሯቸው መምህር ሲያወሩለት፣ መምህሬ ከሠሯቸው ሁሉ የሚበልጠው እዚያ አለ ብለው ነበር።

ቁልፉን የያዙት ሽማግሌ ቄስ ጣሊያኑን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ። አባቴን ከድቁናቸው ጊዜ ጀምሮ ያውቋቸዋል።

«አንተም አብረህ ነህ?» አሏቸው።

«አዎን አባቴ።»

«ማየት ብቻ ነው?»

«ማየት ብቻ ነው» አሉ አባቴ።

ጣሊያኑን አልጠየቁትም። እሱም ምንም አላለም። በራሳቸው ዋስ ሆኑለት። ቄሱ ቁልፉን ጥቂት ጊዜ በመዳፋቸው ውስጥ ሲያገላብጡት ቆዩና ከፈቱ።

ሥዕሏ ልጇን የታቀፈች እመቤታችን ናት። ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ፣ ከመጋረጃ በስተኋላ ነበረች። ቄሱ መጋረጃውን ሲገልጡ አባቴ ወደቁና ሰገዱ፤ ጉልበታቸው እንዲያ ሆኖ። ከዚያ ተቀምጠው ስለ መምህራቸው አወሩ። መምህራቸው ሥዕሏን ሲሠሩ አርባ ቀን እንደ ጾሙ፣ አባቴ ያን ጊዜ ቀለም የሚፈጩ ተማሪ እንደ ነበሩ፣ ፊቷን ሲጨርሱ መምህሩ ብሩሹን አስቀምጠው ወደ ውጭ ወጥተው እንዳለቀሱ። አንድ ሰዓት ያህል ተናገሩ።

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የማየው ሥዕሏን አልነበረም። የጣሊያኑን ፊት ነበር። ደስ ብሎት እንደሆነ፣ ዛሬ ብንጠይቀው ስለ ወንድሜ አንድ ነገር ይነግረን እንደሆነ እያልሁ ፊቱን አነባለሁ። መጻፍ አቁሞ ነበር። ደብተሩን ከኪሱ ከተተ፤ ወደ ሸራው ቀረብ ብሎ ጠርዙ ከግድግዳው የተላቀቀበትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ቄሱ በእግራቸው ልደታ ድረስ መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው እንቢ አሉ። ወታደሮች መሰላል ይዘው መጥተው ሸራውን በቢላዋ ፈልቅቀው እንደ ወሰዱት፣ ከወታደሮቹ ጋር መነጽር ያደረገው ሰውዬ እንደ ነበረ ነገሩን።

«ማየት ብቻ ነው ብለኸኝ ነበር» አሉ አባቴን። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ።

አባቴ ጋቢያቸውን ለበሱ። ያን ቀን መኪና አልነበረም። ከልደታ እስከ ጣሊያኑ ጽሕፈት ቤት ድረስ፣ ዳገቱን እያረፍን፣ ግማሽ ቀን ፈጀብን። አስተርጓሚው ሲያየን ፊቱ ተለወጠ። ሆኖም አስገባን።

«ሥዕሏን መልስልኝ በለው» አሉ አባቴ ሳይቀመጡ። «እኔ ነኝ ያስከፈትሁለት። ለቄሱ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።»

ጣሊያኑ በትዕግሥት መለሰ። አስተርጓሚው፣ «እዚያ እርጥበት ያበላሻታል፤ እኛ ዘንድ በደህና ትጠበቃለች፤ ብዙ ሰው ያያታል ይላል» አለ።

«የምትታይ አይደለችም፤ የሚጸለይባት ናት!» አባቴ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱት። «መልሳት በለው! ቃሌን...»

ጣሊያኑ እጁን ከፍ አደረገ። መሳቢያውን ስቦ አንድ ወረቀት አወጣና ለአስተርጓሚው ሰጠው። አስተርጓሚው አነበበው። ጣሊያኑ አንድ ቃል ጨመረ።

«አባቴ፣ ይቀመጡ» አለ አስተርጓሚው።

«አልቀመጥም። ምንድን ነው?»

«ስለ ልጅዎ ነው። በመንገድ ላይ ታሞ ሞቷል ይላል። ከተጫኑት ውስጥ ስሙ ከሞቱት ጋር ነው ያለው።»

አባቴ ስለ ሥዕሏ የጀመሩትን ቃል አልጨረሱትም። ወዲያው ወንበሩን በእጃቸው እየፈለጉ ተቀመጡ። «የት ተቀበረ?» አሉ። ወረቀቱ ስለዚያ አይናገርም ነበር። ጣሊያኑ ተነሥቶ ከራሱ ብርጭቆ ውሃ ቀዳላቸው። አልተቀበሉትም።

ልንወጣ ስንል አስተርጓሚው ከመተላለፊያው ላይ እጄን ይዞ አስቀረኝ። አባቴ በሩ ጋ ደርሰው ነበር።

«እኅቴ» አለኝ፤ ዓይኖቹ ቀልተው። «ያ ወረቀት ዛሬ የመጣ አይደለም። በጥቅምት መጀመሪያ ነው የደረሰው። እንድናገር አልተፈቀደልኝም።»

ጥቅምት መጀመሪያ። ወንድሜ መሞቱን ሰውየው እያወቀ አባቴ ስንት ቤተ ክርስቲያን አስጎበኙት። ያቺን ያላየኋትን ሥዕል ሲያሳዩት ወረቀቱ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ቢነገረን ኖሮ አባቴ ወዲያው ያቆሙ ነበር፤ ቄሱም በሩን አይከፍቱም ነበር።

«ምን አለሽ?» አሉኝ አባቴ ስደርስባቸው።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ አለኝ» አልኋቸው።

ሬሳ የሌለው ለቅሶ ተቀመጥን። ብዙ ሰው አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ግን ያቺ ነጠላዋን የሰበሰበችብኝ ጎረቤታችን መጣች። ማንንም ሳታነጋግር ከአጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እስከ ማምሻው አልተነሣችም። ስትሄድ ራሴን በእጇ ነካችኝ። እንዲያ ነው የታረቅነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ መኪናው አንሥተን አናውቅም።

አባቴ ዐርባውን ካወጡ በኋላ ቀለማቸውን በከረጢት አስይዘውኝ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቄሱ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴ ከእግራቸው ሥር ወደቁ።

«ተነሥ» አሏቸው ቄሱ። «የልጅህን ሰማሁ። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር።»

«አባቴ፣ በቦታዋ ልሣልላችሁ። ይፍቀዱልኝ።»

ቄሱ ተነሥተው በሩን ከፈቱ። ገብተን ግድግዳውን አየነው። የቢላዋው ጭረት፣ ደረቅ ሙጫ፣ በሙጫው ላይ የቀረ የሸራ ክር ብቻ ነበር። «ሕዝቡን ልጠይቅ» አሉ በመጨረሻ። «የሚቀበልህ እንዳለ ሁሉ የማይቀበልህም አለ።» ከሦስት ሳምንት በኋላ ይምጣ የሚል መልእክት ላኩ።

እስከ ክረምቱ ድረስ ሠሩ። በሳምንት ሦስት ቀን በቅሎ ተውሰን እንሄዳለን። መምህራቸው የሠሯትን ራሷን ለመመለስ ነበር ሐሳባቸው። ፊቷን ከልባቸው አወጡት፤ ልብሷን አወጡት። ቀኝ እጇ ላይ ሲደርሱ ግን አቀማመጡ ጠፋባቸው። አንድ ቀን ብሩሹን እንደ ያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቀኝ እጇ እንዴት ነበር? በልጇ ጉልበት ላይ ነው ወይስ ከደረቷ? አንቺ ያን ቀን ቆመሽ ታዪ ነበር።»

«አላስታውስም አባባ።»

«እስቲ አስቢ። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ቆመሽ ነበር።»

ምን ሳይ እንደ ነበር መናገር አልቻልሁም። ቄሱን ጠየቁ፤ ከአርባ ዓመት በላይ በፊቷ የቀደሱት ቄስ እንኳ እርግጠኛ አልነበሩም። አንደኛው ዲያቆን ከደረቷ ነው ሲል ሌላው በጉልበቱ ላይ ነው አለ። አባቴ ሠርተው አጠፉት፤ ደግመው ሠርተው አጠፉት። በመጨረሻ በልጁ ጉልበት ላይ አድርገው ተዉት። ጥሩ ሥዕል ነበር። እሳቸው ግን መጋረጃው የተሰቀለ ዕለት ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ከአንድ ጽድ ሥር ተቀምጠው ቅዳሴውን ከውጭ ሰሙ። ሴቶቹ ገብተው በአዲሷ ሥዕል ፊት ሲሰግዱ አየሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ደግሞ ሳይሰግዱ ፊታቸውን አዙረው ሲወጡ አየሁ።

ጣሊያን ከከተማው የወጣ ሰሞን ወደዚያ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ሰዎች ወንበርና ጠረጴዛ ተሸክመው ይወጣሉ። ክፍሉን ሁሉ ዞርሁ። ገለባ የተጎዘጎዘባቸው ባዶ ሣጥኖች አገኘሁ እንጂ ሥዕሏን አላገኘሁም። መነጽር ያደረገው ሰው ከዓመት በፊት ወደ አገሩ መመለሱን አንድ ዘበኛ ነገረኝ። አስተርጓሚውን የሚያውቅ አላገኘሁም። ለአባቴ ባዶ ሣጥን አየሁ ብዬ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ አልጠየቁኝም።

ነጻነቱን ሁለት ዓመት አዩት። ጉልበታቸው እየከፋ ሄዶ ከልደታ በቀር የትም አይሳለሙም ነበር። ሲሞቱ እዚያው ልደታ ቀበርናቸው። ለቀብሩ ከጠበቅሁት በላይ ሰው መጣ፤ ደጀ ሰላም ይሸሿቸው የነበሩትም መጥተው ነበር። ያ ሽማግሌ ቄስ በበቅሎ፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው መጡ። ፍትሐቱን አብረው አደረሱ።

ሰዉ ሲበተን ወደ እሳቸው ሄድሁ። ነገሩ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ወረቀቱ በጥቅምት መምጣቱን፣ አባቴ ሳያውቁ ዋስ መሆናቸውን፣ እንዲሄዱ የገፋኋቸው እኔ መሆኔን ልነግራቸው ነበር።

«አባቴ፣ ያን ጊዜ አባባ በሩን ያስከፈቱዎ...» ብዬ ጀመርሁ።

«እ?» አሉ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው። መስማት ከብዷቸው ነበር። አጠገባችን ሰዎች ቆመው ነበርና ጮኼ መናገር አልሆነልኝም።

«ስለ መጡልን እግዚአብሔር ይስጥልን» አልሁ።

«አሜን ልጄ» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። በቅሎዋ ላይ ደግፌ አወጣኋቸው። በሚቀጥለው ዓመት እሳቸውም ዐረፉ።

እኔም አርጅቻለሁ። ለባሌም ለልጆቼም ያልነገርኋቸውን ነው አሁን የጻፍሁት። አባቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያ ወረቀት በዚያው ጠዋት የመጣ ይመስላቸው ነበር። ልነግራቸው የሚገባኝ ሆኖ የተሰማኝ ጊዜ አለ፤ ደግ አደረግሁ ያልሁበትም ጊዜ አለ። እስካሁን አልለየልኝም።